በገዛ ቤት ፖስታ ቤት፦ የኢሜይል ሰርቨር ብልሽት ከየት ወደ የት ሄደ?

የሊኑክስ ሥርዓት የሆነው ደቢያን 13 የወጣው ኦገስት 9 ቀን 2025 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በቤታቸው ጥግ ባስቀመጡት ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የራሳቸውን የኢሜይል ሰርቨር የሚያሠሩ ሰዎች እንደ ልማዳቸው ወደ እርሱ አፕዴት ሲያደርጉ ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። የፖስታ ሳጥኖቹን የሚያስተዳድረው ዶቭኮት የተባለው ፕሮግራም ከ2.3 ወደ 2.4 ተሻግሯል፤ 2.4 ደግሞ የድሮውን ኮንፊገሬሽን ፋይል አይቀበልም። ፋይሉ ለየትኛው የዶቭኮት ቅጂ እንደተጻፈ ገና በመጀመሪያው ላይ ካልተገለጸለት አልነሣም ይላል። ደብዳቤዎቹ የት ቦታና በምን ዓይነት አቀማመጥ እንደሚቀመጡ ድሮ በአንድ መስመር ይነገረው የነበረውን አሁን ለየብቻ እንዲጻፍለት ይፈልጋል፤ ሰርተፍኬቱ ያለበትን ቦታ የሚጠቁመው መስመርም ስሙ ተቀይሯል። ግራ የሚያጋባው ደግሞ ጩኸቱ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከሌላ ወገን መሆኑ ነው። ደብዳቤ የሚቀበለውና የሚልከው ፖስትፊክስ የይለፍ ቃል የሚያስመረምረው በዶቭኮት ከሆነ፣ ጠያቂው ምላሽ ሰጪ ሲያጣ ሥራውን ያቋርጣል፤ ከውጭ ደብዳቤ ይዞ የመጣውን እንግዳ ማሽን ሳይቀር በር ላይ ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ማንም ያልነካውን ፖስትፊክስ ሲበረብር ያመሻል።

ይህን የመሰለ ብልሽት ሲያጋጥም ብዙ ሰው የሚደርስበት መደምደሚያ የታወቀ ነው፤ ኢሜይል በቤት ማሠራት ከባድ ስለሆነ ሰው ሁሉ ለትልልቆቹ ኩባንያዎች አስረክቦ ተገላገለ ይባላል። የኢሜይል ታሪክ ግን ይህን አባባል አይደግፍም። ከላይ የተገለጸው ብልሽት ቢያናድድም ቀላል ከሚባሉት ወገን ነው። ምክንያቱ እዚያው ማሽን ላይ አለ፣ ሎጉ የትኛው ፋይል ስንተኛው መስመር እንደሆነ ይናገራል፣ ባለቤቱ በገዛ እጁ ያቃናዋል፣ እስኪቃና ድረስም ደብዳቤ አይጠፋም። ኮንፊገሬሽን ከዚህ እጅግ በከበደበት ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ ድርጅቶች የየራሳቸውን የፖስታ ማሽን ያሠሩ ነበር፤ ኮንፊገሬሽን በቀለለበት ዘመን ነው ቁጥራቸው የተመናመነው። ክብደቱ መንስኤ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በተገላቢጦሽ በሆነ ነበር። የቤት ፖስታን ያዳከመው የብልሽቱ መጠን መጨመር ሳይሆን የቦታው መቀየር ነው፤ ብልሽቱ ባለቤቱ ሊያየው ከሚችለው ማሽን ወጥቶ፣ ሊያየው ወደማይችለው ማሽን ገባ።

ነገሩ ሲጀመር ምን ይመስል እንደነበር እንመልከት። ሬይ ቶምሊንሰን በ1971 በካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ፣ ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ማሽኖች መካከል የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው በአርፓኔት በኩል የመጀመሪያውን መልእክት ሲልክ፣ የፖስታ ሰርቨር የሚባል ራሱን የቻለ ነገር አልነበረም። አድራሻውም የሰውየውንና የማሽኑን ስም በዛሬው የ@ ምልክት ለይቶ የሚያስቀምጥ ብቻ ነበር። ችግሩ የመጣው መረቦቹ ሲበዙ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ግቢ ውስጥ አርፓኔት ነበረ፤ የግቢው የራሱ መረብ በርክኔት ነበረ፤ በስልክ እየተደዋወሉ ፋይል የሚለዋወጡት የዩዩሲፒ ማሽኖችም ነበሩ። ሦስቱም አድራሻ የሚጽፉበት መንገድ ለየቅል ነው። በአርፓኔት ላይ ያለችው ማሽን ደግሞ ኢንግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ፕሮጀክት ማሽን ስለነበረች፣ ኢሜይል የፈለገ ሁሉ እዚያች ላይ አካውንት ይከፈትልኝ ይል ነበር። እዚያ ይሠራ የነበረው ኤሪክ ኦልማን ለሁሉም አካውንት ከመክፈት ደብዳቤያቸውን ወደየማሽናቸው የሚያሻግር ፕሮግራም መጻፍ ይሻላል አለና ዴሊቨርሜይልን ጻፈ፤ እርሱም በ1979 ከበርክሌይ ዩኒክስ ጋር ተሰራጨ። የዴሊቨርሜይል ኮንፊገሬሽን ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የተቀረጸ ነበር። አንድ አዲስ መረብ ለመጨመር ፕሮግራሙን እንደገና መገንባት ግድ ነው። መረቦቹ በየጊዜው ሲፈለፈሉ ይህ አላዋጣም፤ ስለዚህ ተከታዩ ሴንድሜይል ኮንፊገሬሽኑን ሲነሣ ከፋይል እንዲያነብ ተደረገ። በ1983 ከ4.2 ቢኤስዲ ጋር ለዓለም ወጣ። የኮንፊገሬሽን ፋይል ጣጣ ከኢሜይል ጋር የተቆራኘው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

ያን ፋይል ያላየ ሰው መከራውን ሊገምተው አይችልም። ዋናው ክፍል አድራሻን እየቆራረጠ መልሶ የሚገጣጥም የደንብ ዝርዝር ነው፤ እያንዳንዱ ደንብ በዶላር ምልክት፣ በመደመር፣ በኮከብና በነጠላ ፊደል የተሞላ አንድ መስመር ነው። በአንድ መስመር ውስጥ የግራውን ወገን ከቀኙ የሚለየው ታብ ብቻ ነበር። ታብና ክፍት ቦታ ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ፋይሉን የከፈተው ኤዲተር ታቡን ወደ ክፍት ቦታ ከቀየረው፣ ወይም አንዱ ከወረቀት ላይ እያየ ገልብጦ ታቡን በክፍት ቦታ ከተካው፣ ደንቡ ይሞታል፤ ዓይን ግን ምንም አያይም። በኋላ ኦልማን ራሱ የተሳተፈበት የሴንድሜይል መጽሐፍ እትም በእትም እየወፈረ ከሺህ ገጽ በላይ የሄደው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከ1993 ወዲህ የመጣው ሴንድሜይል 8 ፋይሉን በቀጥታ ከመጻፍ ይልቅ ከአጫጭር ማክሮዎች እንዲመነጭ አደረገ፤ ይህም ቢሆን ሲበላሽ የመነጨውን ፋይል ከማንበብ አላዳነም። እንዲህም ሆኖ ዩኒቨርሲቲው፣ ላቦራቶሪው፣ ትንሹ የሶፍትዌር ቤት ሁሉ በየቤቱ ያሠራው ነበር። እንዴት ቻሉ?

አንዱ መልስ ሎጉ ነው። ዛሬ በሊኑክስና በዩኒክስ ዓለም ከራውተር እስከ ባንክ ሰርቨር ሁሉም የሚጠቀምበት የሎግ አያያዝ፣ ሲስሎግ፣ የተወለደው ለሴንድሜይል አገልግሎት ነው፤ የጻፈውም ያው ኦልማን ነው። ነገሩ ሲታሰብ ብዙ ይናገራል። ፖስታ የሚያሻግር ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው እያንዳንዱ ደብዳቤ መቼ እንደመጣ፣ ለማን እንደተሰጠ፣ ያ ማሽን ምን ብሎ እንደመለሰ የሚጻፍበት መዝገብ እንደሆነ ሠሪው ገና ከጅምሩ ተረድቷል። ፋይሉ የቱንም ያህል ቢወሳሰብ፣ መዝገቡ እውነት እስከተናገረ ድረስ ትዕግሥት ያለው ሰው ይደርስበታል።

ሁለተኛው መልስ ወረፋው ነው፤ በእኔ ግምት ከሎጉም በላይ ትልቁ ፈጠራ እርሱ ነው። ጆን ፖስተል በኦገስት 1982 ያወጣው የኤስኤምቲፒ፣ ማለትም የኢሜይል ማስተላለፊያ፣ ደንብ ማሽኖች እርስ በርስ የሚመላለሱባቸውን ቁጥሮች ሲወስን እምቢታን በሁለት ከፍሎታል። በ5 የሚጀምር ቁጥር «አይሆንም፣ አትመለስ» ማለት ነው፤ በ4 የሚጀምር «አሁን አልተመቸኝም፣ ቆይተህ ተመለስ» ማለት ነው። ተቀባዩ ጨርሶ ካልመለሰም እንደ ሁለተኛው ይቆጠራል። በ1989 የወጣው ተከታይ ደንብ ደግሞ ላኪው ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ቢያንስ አራት ወይም አምስት ቀን እየደጋገመ መሞከር እንዳለበት ጻፈ። የፖስትፊክስ የራሱ ልማድ ዛሬም አምስት ቀን ነው። ይህ ማለት ደንቡን የጻፉት ሰዎች ማሽን እንደሚበላሽ፣ መብራት እንደሚጠፋ፣ ባለሙያው ቅዳሜና እሑድ እንደማይገኝ አስቀድመው ተቀብለዋል ማለት ነው። ዓርብ ማታ በአፕዴት የተበላሸ የቤት ሰርቨር ሰኞ ጠዋት ቢቃና፣ ደብዳቤዎቹ በየላኪዎቻቸው ወረፋ ላይ ቆይተው አንድ በአንድ ይገባሉ። ድረ ገጽ እንዲህ አያደርግም፤ ስልክም አያደርግም።

ይህ ትዕግሥት ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ኢሜይል የደረሳት ኢንተርኔት ሳይደርሳት ነው። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ፊዶኔት በተባለው፣ ቶም ጄኒንግስ በ1984 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በጀመረው የስልክ መረብ አማካይነት መልእክት ያሻግር ነበር። መልእክቱ አዲስ አበባ ላይ ይጠራቀማል፣ ሞደሙ በውጭ አገር የስልክ መስመር ለንደን ካለው ግሪንኔት ጋር ይገናኛል፣ የተጠራቀመው ይሄዳል፣ እዚያ የተጠራቀመው ይመጣል፣ መስመሩ ይዘጋል። ፊዶኔት የራሱ ደንብ ነበረው እንጂ ኤስኤምቲፒ አልነበረም፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤቱ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በ1997 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ተመራማሪዎችና ሐኪሞች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር የተጻጻፉት መስመር ሁልጊዜ ክፍት መሆን አለበት በማይል ሥርዓት ነው። ወረፋ ባይኖር ኖሮ እነዚያ ደብዳቤዎች አይኖሩም ነበር።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከደኅንነት ወገን ይነሣል። በቸልታ የተያዘ የቤት ሰርቨር ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለሌላውም አደጋ ነው፤ ስለዚህ ለባለሙያ መተው ይገባል የሚል ነው። ማስረጃም አለው። ኖቬምበር 2 ቀን 1988 የኮርኔል ተማሪ የነበረው ሮበርት ታፓን ሞሪስ የለቀቀው ትል ወደ ማሽኖች ከገባባቸው መንገዶች አንዱ ሴንድሜይል ነበር። ቀዳዳውም ረቂቅ አልነበረም፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ ለሙከራ እንዲመች የተተወ የፍተሻ ትእዛዝ በብዙ ማሽኖች ላይ ሳይዘጋ ቀርቶ ነበር። በየማሽኑ ክፍት ከቀረ አንድ ምርጫ የተነሣ በጊዜው የነበረው ኢንተርኔት ተርበተበተ። ይሁንና ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ ማለት ይገባል። መልሱ የመጣው ከሠሪዎቹ ነበር፤ ፊሊፕ ሄዝል በ1995 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኤክሲምን ጻፈ፤ ዳንኤል በርንስታይን ኪውሜይልን አወጣና በ1997 የደኅንነት ቀዳዳ ላገኘበት 500 ዶላር እከፍላለሁ አለ፤ ቪትሴ ቬኔማ በአይቢኤም ሳለ የጻፈው ፖስትፊክስ በ1998 መጨረሻ ወጣ። ቬኔማ አንዱን ግዙፍ ፕሮግራም እርስ በርሳቸው በማይተማመኑ ትንንሽ ፕሮግራሞች ተካው፤ ኮንፊገሬሽኑንም ሰው በሚያነበው ቋንቋ፣ ስምና ዋጋ በመስመር፣ አድርጎ ጻፈው። በ2000 አንድ ሰው በቤቱ ሊያሠራ የሚችለው የፖስታ ሰርቨር በ1988 ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ከነበረው ይልቅ ቀላልም ደኅንነቱ የተጠበቀም ነበር። የደኅንነቱ ጥያቄ ትክክለኛ ነበር፤ መልስም አግኝቷል።

መልስ ያላገኘው ስፓም ነው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በሜይ 1978 የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ሻጭ ጌሪ ተርክ ወደ 400 ለሚጠጉ የአርፓኔት ተጠቃሚዎች የላከው የኮምፒውተር ማስታወቂያ ነው። ፍርዱ ፈጣን ነበር፤ የመረቡ አስተዳዳሪዎች አጥብቀው ገሠጹት፣ ነገሩም ለብዙ ዓመታት አልተደገመም። በደለኛው በስሙ የሚታወቅበት፣ አለቃው የሚደወልለት ዘመን ነበር። በኤፕሪል 1994 ግን የአሪዞና ጠበቆች የሆኑ ባልና ሚስት፣ ካንተርና ሲገል፣ በሺህ በሚቆጠሩ የዩዝኔት የውይይት ቡድኖች ላይ አንድ ማስታወቂያ ለጠፉ። የሚሸጡት ምን ነበር ቢባል፣ የዲቪ ሎተሪ ፎርም መሙላት! በየኢንተርኔት ካፌው ዲቪ ለመሙላት ወረፋ ለያዘው የአዲስ አበባ ሰው፣ የኢንተርኔት ስፓም ንግድ በዚያው ሎተሪ ስም መጀመሩ ሳያስገርመው አይቀርም። የተቆጡ ሰዎች የላኩት የተቃውሞ ደብዳቤ የጠበቆቹን አገልግሎት ሰጪ ሰርቨር እስኪጥለው ድረስ ጎረፈ። ጠበቆቹ ግን አላፈሩም፤ እንዲያውም ንግዱን ለማስተማር መጽሐፍ ጻፉ። በስም የመገሠጽ ሥርዓት እዚያ ላይ አከተመ።

ስፓሙ ወደ ኢሜይል ሲዞር መጀመሪያ የተጠቀመበት የፖስታ ሰርቨሮችን ደግነት ነው። በድሮው ልማድ አንድ ማሽን የማያውቀው ላኪ ለማያውቀው ተቀባይ የሚሄድ ደብዳቤ ቢሰጠው ተቀብሎ ያሻግርለታል፤ መስመሩ በተቆራረጠበት ዘመን ይህ የጉርብትና ግዴታ ነበር። ስፓም ላኪዎች በዚህ ክፍት በር ሲገቡ በሩ ተዘጋ፤ በ1998 የወጣው ሴንድሜይል 8.9 ለማያውቀው ማሻገርን ሳይጠየቅ የሚከለክል ሆነ። ይህ ራሱ ለብዙዎች ከአፕዴት በኋላ ፖስታቸው የቆመበት ቀን ነበር። ባለቤቱ ግን ሎጉን ሲከፍት «ማሻገር ተከልክሏል» የሚል ቃል በግልጽ ያገኛል፣ የሚፈቅድላቸውን ማሽኖች ዝርዝር ይጽፋል፣ ይቀጥላል። የኮንፊገሬሽን ለውጥ ሁሉ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባላስፈለገ።

መንገዱ የተለየው በዚያው ሰሞን ነው። ፖል ቪክሲ በ1997 የስፓም ምንጭ የሆኑ የአይፒ አድራሻዎችን ዝርዝር ለሌሎች ማቅረብ ጀመረ፤ በተከታዩ ዓመት ስፓምሃውስ መጣ። ተቀባዩ ማሽን ደብዳቤውን ከመቀበሉ በፊት የላኪው አድራሻ በዝርዝሩ ላይ መኖር አለመኖሩን ይጠይቃል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ዛሬም ያለ እርሱ ኢሜይል አይኖርም። ነገር ግን ከዚህ ቀን ጀምሮ ደብዳቤ መድረስ አለመድረሱን የሚወስነው ማሽኑ የሚያደርገው ነገር መሆኑ ቀረ፤ ሦስተኛ ወገን ስለ አድራሻው የሚያስበው ነገር ሆነ። ቀጥሎ ዝርዝሮቹ ስፓም የላኩትን ብቻ መመዝገብ አቆሙ፤ የቤት ኢንተርኔት አድራሻዎች በጅምላ፣ ምንም ሳያጠፉ፣ ከዚህ በቀጥታ ኢሜይል ሊመጣ አይገባም ተብለው ተመዘገቡ። በቫይረስ የተያዙ የቤት ኮምፒውተሮች ስፓም እንዳይረጩ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎችም የፖስታ ማሽኖች ደብዳቤ የሚለዋወጡበትን ፖርት 25ን ለቤት ደንበኞች ዘጉ። አንድ ተከራይ አጥፍቶ ግቢው በሙሉ ከሰፈሩ ሱቅ ዱቤ እንደተከለከለ ዓይነት ነው፤ ባለሱቁን መውቀስ ይከብዳል፣ የከፈለውም ተከራይ ግን ጾሙን ያድራል።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይመጣል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት መሣሪያዎች ፍርዱን ከአድራሻ ጉርብትና አውጥተው ወደ ማስረጃ የመለሱ አይደሉም ወይ? እውነት ነው። በ2006 በሙከራ ደንብነት የወጣው ኤስፒኤፍ የአንድ ዶሜይን ደብዳቤ ከየትኞቹ ማሽኖች ሊላክ እንደሚችል ያውጃል፤ ከያሁና ከሲስኮ ሐሳቦች ተዋሕዶ በ2007 የወጣው ዲኪም በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ የማይመሰል ፊርማ ያኖራል፤ በ2012 ይፋ የሆነው ዲማርክ ደብዳቤው ከሁለቱ አንዱንም ካላለፈ ምን ይደረግ የሚለውን ይነግራል። ሦስቱም ለማንም ክፍት ናቸው፤ የቤት ሰርቨር ባለቤትም በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያቆማቸው ይችላል። ደግሞም የራሳቸው ብልሽት አላቸው፤ በአፕዴት ምክንያት ፈራሚው ፕሮግራም ሳይነሣ ቢቀር ደብዳቤው ያለ ፊርማ ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ ከሴንድሜይል ታብ የሚለይ ነገር የለም፤ ተቃውሞውም ትክክል ይመስላል። ነገር ግን እነዚህ መሣሪያዎች የሚያረጋግጡት ላኪው ማን እንደሆነ ብቻ ነው። ላኪው ታውቆ ምን ይደረግ የሚለው ፍርድ ለተቀባዩ የተተወ ነው፤ ተቀባዩም የሚፈርደው በዝና ነው። ዝና የሚገኘው ብዙ በመላክ ነው። በቀን አሥር ደብዳቤ የሚልክ ቤት ስፓም ልኮ አያውቅም፤ ጥሩ ስም ለማግኘት የሚበቃ ደብዳቤም ልኮ አያውቅም።

ይህን በቅርብ ለማየት ሁለቱን ሎጎች ማነጻጸር ይበቃል። ዶቭኮት 2.4 አልነሣም ባለ ማለዳ የባለቤቱ ሎግ ፋይሉን፣ መስመሩንና የማያውቀውን ቃል ይጽፋል። ደብዳቤው ግን ከዚያ ቤት ወጥቶ በአንድ ትልቅ አቅራቢ ዘንድ የስፓም ፎልደር ውስጥ በሚወድቅበት ቀን፣ ያው ሎግ ተቀባዩ ማሽን «እሺ» በሚለው ቁጥር፣ በ250፣ መቀበሉን፣ ደብዳቤውም «ተልኳል» መባሉን ይጽፋል። በኤስኤምቲፒ ቋንቋ ውሸት የለበትም፤ ደብዳቤው ደርሷል። ተቀባዩ ግን አያየውም። ኦልማን ሲስሎግን ያስጀመረበት ምክንያት፣ ማለትም ያልደረሰ ደብዳቤ የት እንደቀረ ማወቅ፣ እዚህ ላይ መልስ የለውም፤ መልሱ ያለው በሌላው ወገን ማሽን ውስጥ ነው። ጉግል ላኪዎች የደብዳቤያቸውን ሁኔታ እንዲያዩ ያዘጋጀው መሣሪያም የሚያሳየው በቂ ብዛት ለሚልኩ ብቻ ነው፤ ትንሹ ላኪ ገጹን ሲከፍት ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። በፌብሩዋሪ 2024 ጉግልና ያሁ ያጠበቁት ደንብ በቀን ከ5,000 በላይ ወደ ጂሜይል ለሚልኩ ተጨማሪ ግዴታ ቢጥልም፣ ጉግል ከሁሉም ላኪ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ የአይፒ አድራሻው ተመልሶ ስም እንዲሰጥ መደረግ አለበት። ያን ስም የሚመዘግበው የአድራሻው ባለቤት፣ ማለትም የኢንተርኔት አቅራቢው፣ እንጂ የቤቱ ሰው አይደለም። የቱንም ያህል ኮንፊገሬሽን ቢያጠና የሚጽፍበት ፋይል እርሱ ዘንድ የለም።

ሰዎች የሄዱት ተገደው ሳይሆን ወደው ነው የሚልም አለ። ሆትሜይል በጁላይ 1996 ተከፈተ፤ ጂሜይል በኤፕሪል 1 ቀን 2004 አንድ ጊጋባይት በነጻ ይዞ ሲመጣ ብዙ ሰው የኤፕሪል ዘ ፉል ቀልድ መስሎት ነበር። ለአብዛኛው ሰው ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነበር፣ ነውም፤ ለዚህ ማንንም መውቀስ አይቻልም። (ለነገሩ ያን ጊዜ የጉግል ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ኤሪክ ሽሚት፣ ኦልማን ደብዳቤ እንዲያሻግርለት ያስገደደውን በርክኔትን በተማሪነቱ የሠራው ሰው ነው። ታሪክ አንዳንዴ ትንሽ ሰፈር ነው።) ግን የብዙኃኑ መሄድ ጥቂቶቹ መቆየት ያልቻሉበትን አያብራራም። ሰው ሁሉ ዳቦ ከዳቦ ቤት ይገዛል ማለት በቤቱ የሚጋግር አይኖርም ማለት አይደለም። ትልልቆቹ ተቀባዮች ጥቂት ሲሆኑ የእያንዳንዳቸው ፍርድ ለላኪው የሞት ሽረት ይሆናል፤ በ1995 አንድ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ አልቀበልም ቢል የጎደለው አንድ ዩኒቨርሲቲ ነበር።

ሶፍትዌር ሠሪዎቹንም ከወቀሳ ነጻ ላወጣ አልፈልግም፤ ልዩነት ግን አለ። ፖስትፊክስ ከ3.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2015 ወዲህ፣ የድሮ ኮንፊገሬሽን ሲያገኝ በድሮው ልማድ ይሠራና «ይህን መስመር በድሮው ትርጉም ወስጄዋለሁ» እያለ ሎጉ ላይ ያስጠነቅቃል፤ ባለቤቱ ሲዘጋጅ አንድ ቁጥር ለውጦ ወደ አዲሱ ይሻገራል። በሙከራ ላይ ላለ ሰው ደግሞ በ5 የሚጀምረውን እምቢታ ሁሉ ለጊዜው ወደ 4 የሚቀይር መስመር አለው፤ ስህተቱ ደብዳቤ እንዳያስመልስበት። ዶቭኮት 2.4 ይህን ያህል አልራራም፤ ለባለቤቱ የሚከብድ መንገድ መረጠ። ሁለቱም ግን የሚነጋገሩት ከማሽኑ ባለቤት ጋር ነው። አንዱ በትህትና፣ አንዱ በቁጣ።

ዛሬ በቤታቸው የሚያሠሩት የደረሱበት መፍትሔ ግማሽ ነው፤ ግማሹም የሚያስገርም ነው። መቀበል እንደ 1982 ነጻ ነው። ዶሜይን ያለው፣ ፖርት 25 ያልተዘጋበት ሰው ከዓለም ሁሉ ደብዳቤ ይቀበላል፤ ጂሜይልም ቢሆን ሰርቨሩ ከወደቀ ወረፋ ላይ አቆይቶ ደጋግሞ ይሞክርለታል፣ ዝናህ ስንት ነው አይለውም። መላክ ነው የተወሰደው። ስለዚህ ብዙዎቹ የሚወጣውን ደብዳቤ በክፍያ ለሚያሻግር፣ ጥሩ ስም ላለው ሰርቨር ይሰጣሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ፖስትፊክስ ላይ የዚያን ሰርቨር ስም የያዘ አንድ መስመርና የይለፍ ቃል ነው። ተመሳሳዩ መስመር በሴንድሜይል ፋይል ውስጥም ነበር፤ ያኔ የሚጻፍበት የመረቦቹን መንገድ የሚያውቅ፣ የተሻለ መስመር ያለው ትልቅ ማሽን ስም ነበር። ትንሿ ማሽን መንገዱን ስለማታውቅ ለእርሱ ትሰጠዋለች። ዛሬ የቤቷ ማሽን መንገዱን የኢንተርኔቱ የስም መዝገብ ከሆነው ከዲኤንኤስ ጠይቃ በሰከንድ ውስጥ ታገኘዋለች፤ ፊርማዋም የተስተካከለ ነው፤ የምትከፍለው ሌላው በር እንዲከፈትላት ነው።